በትርንጎ ብሌን ውስጥ

ኤልዳና ታምሩ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት የሥራ ዘመኗ ከሺህ በላይ ሠርግ ላይ ተገኝታለች፤ አንዲት ሙሽራ ግን ፊት ለፊት አይታ አታውቅም። ሙሽሮቹን የምታውቃቸው የምስር ፍሬ አክለው፣ ግራቸው ቀኝ፣ ቀኛቸው ግራ ሆኖ፣ በሌላ ሰው ዓይን ውስጥ ነው። ቀለበት ሲታሰር ጀርባዋን ለቀለበቱ ትሰጣለች። ሬሳ ሲወርድ ጀርባዋን ለጉድጓዱ ትሰጣለች። የባሏን የናሆምን ቀብር እንኳ ያየችው በወንድሙ ዓይን ውስጥ ነው፤ የዚያን ቀን ተራው የሷ ነበር። ሥራው እንዲህ ነው፤ እሷም ከለመደችው ቆየች።

የድሬዳዋ ሰው ይህን ሥራ «ብሌን ማንሳት» ይለዋል። ድሮ ካሜራን ወደ ነገሩ አዙሮ ማንሳት ይበቃ ነበር አሉ። ኋላ ማንም ከመሬት ተነስቶ የፈለገውን ሰው በፈለገው ቦታ አቁሞ፣ አናግሮ፣ አስፈርሞ ማሳየት ሲችል ፎቶ የሚባል ነገር በፍርድ ቤትም በቀበሌም የሚያምነው አጣ። የቀረው በሕይወት ያለ ሰው ዓይን ብቻ ነው። ቤት ሲተላለፍ፣ ላም ሲሸጥ፣ ልጅ ሲወለድ ምስክሩ ነገሩን ይመለከታል፤ አንሺው ደግሞ ትንሹን አቅርቦ በሚያጎላ ማክሮ ሌንስ የምስክሩን ዓይን ያነሳል። ነገሩ በብሌኑ ውስጥ፣ በመሀሉ ጥቁር ክብ ላይ ከወደቀ፣ ሆኗል። ከጥቁሩ ወጥቶ በቡናማው ወይም በነጩ ላይ ከወደቀ አልሆነም። «በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ» ማለት ዛሬ ለአፍ ማሟሻ ነው፤ ጽሕፈት ቤት ሄዶ እንዲህ የሚል ሰው ይሳቅበታል።

ዓይን ግን መስተዋት ነውና ተንኮሉ ብዙ ነው። ከዓይን አንድ ስንዝር በማይሞላ ርቀት ተጎንብሶ የሚያነሳ ሰው የራሱም መልክ እዚያው መውደቁ አይቀርም። ስለዚህ ብሌን አንሺዎች ጥቁር ካባ፣ ጥቁር ሻሽ፣ ጥቁር ጓንት ያደርጋሉ። ከዚያም ምስክሩን ወደ ነገሩ ያስመለክቱታል፤ ነገሩ ብሌኑን ይይዛል፣ አንሺው ደግሞ ጥላ መስሎ ወደ ዓይኑ ዳር ይቀራል። ለምስክሩ የሚባለው ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ «ወደ ነገሩ። አትርገብገብ።» ሌላ መናገር ክልክል አይደለም፤ ልማድ ግን አይደለም።

አንሺው ራሱ ብሌኑ ውስጥ ከገባ በመሥሪያ ቤቱ ቋንቋ «ሙሽራ ሆነ» ይባላል። ከኤልዳና ጎን የሚቀመጠው ኢብሳ ሦስት ጊዜ ሙሽራ ሆኗል። አንዱ በተለይ አይረሳም። ሳቢያን ሰፈር ላም ሲሸጥ ገዢው ላሟን ትቶ ዓይኑን ወደ ኢብሳ መለስ ያደርጋል፤ ኢብሳም ምስሉን ሳያጣራ ማኅተም ወደሚመታበት ማረጋገጫ ክፍል ይልከዋል። ማረጋገጫ ክፍሉ እንደሆነ ብሌን ውስጥ ያገኘውን ያረጋግጣል እንጂ ለምን ላም አልሆነም ብሎ አይጠይቅም፤ እዚያ ውስጥ የሚሠራው ሰው ይሁን ማሽን እስካሁን ያወቀ የለም። ከአንድ ሰዓት በኋላ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት መጣ፤ «የሚከተለው ሰው በሕይወት መኖሩ ታይቷል። ስም፦ ኢብሳ ቶሎሳ። ሁኔታ፦ ጎንበስ ብሎ የቆመ።» ወረቀቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ስንት ወር ተሳቀበት። ላሟን ሌላ ቀን እንደገና ሸጧት።

ኤልዳና አንድ ቀን እንኳ ሙሽራ ሆና አታውቅም። የምትኮራበት ነገር ቢኖር ይኸው ነው። የከፈለችው ዋጋ ካለ ደግሞ ግራና ቀኟ መጥፋቱ ነው። መሥሪያ ቤቷ ካለበት ከከዚራ ወደ ቤቷ የሚወስዳት ባጃጅ ሹፌር የለውም፤ እሷ «ወደ ግራ» ስትለው ወደ ቀኝ መታጠፍን ግን ከተማረ ዓመታት አልፈዋል።

ልጇ ትርንጎ ትባላለች። ኤልዳና፣ ሶሊያና፣ ሀሴት የሚሉት ስሞች ዛሬ የባልቴት ስም ሆነዋል፤ ወጣቶቹ ትርንጎና ደብሪቱ ናቸው። ትርንጎ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ባሏ ሚልኪያስ ጅቡቲ ወደብ ላይ ይሠራል፤ የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዛ ሰባተኛው ወር ሳይጋመስ ሐኪሙ ሁለቱን ሴቶች አስቀምጦ ነገራቸው። የፅንሷ ሳንባ አልተሠራም። ምጡ በዚህ ሳምንት መምጣቱ አይቀርም። ብትወለድም የምትኖረው ለደቂቃዎች ነው።

ትርንጎ አላለቀሰችም። «እማዬ» አለች ከክሊኒኩ ሲወጡ፣ «ስሟ እንዲጻፍልኝ እፈልጋለሁ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ስሟ ዘነበች ነበር። በዚያ ዓመት ድሬዳዋ ላይ ጠብ ያለ ዝናብ ስላልነበረ ትርንጎ ናት ያወጣችላት። ሕጉ ለዚህ ግልጽ ነው። የታየ ልጅ ሁለት ደቂቃ እንኳ ቢኖር ስም፣ ቁጥርና የመቃብር ቦታ ያገኛል፤ ዘነበችም ከታየች ከአያቷ ከናሆም ጎን ታርፋለች። ያልታየ ልጅ አልተወለደም። መወለድን የሚያየው ደግሞ የእናት ዓይን ብቻ ነው፤ ልጁ በሕይወት እያለ፣ በእናቱ ብሌን ውስጥ። ላልታዩት ክሊኒኩ ጓሮ የተለየ ክፍል አለ። በሩ ላይ ምንም አልተጻፈም።

ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ተደወለ። የሳምንቱ የክሊኒክ ተራ የኤልዳና ነበር። ኢብሳ ከወንበሩ ተነሳ።

«ኤልዱ፣ እኔ ልሂድልሽ» አላት። «አንቺ እንደ አያት ሂጂ። ልጅሽን አጠገቧ ሆነሽ ያዢያት።»

«አንተማ ሙሽራ ትሆንብኛለህ» አለችው።

ኢብሳ ሊስቅ አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። እሷ ካባዋን እየለበሰች ነበር። ልክ ናት ደግሞ፤ ይህን ብሌን ለማንም እጅ አትሰጥም። በከተማው ውስጥ ከሷ የተሻለ እጅ የለም፤ ይህን እሷም ታውቃለች፣ ኢብሳም ያውቃል።

ሲስተር ፈርሂያ በሩ ላይ ተቀበለቻት። ለረጅም ጊዜ ይተዋወቃሉ፤ አብረው ስንት ልጅ አስመዝግበዋል።

«እትዬ ኤልዳና፣ እርስዎ ራስዎ ነዎት የሚያነሱት?»

«ተራው የኔ ነው።»

«እንግዲህ… ይሁን» አለች ፈርሂያ፤ መንገዱንም ለቀቀችላት።

ትርንጎ አልጋው ላይ ላብ በላብ ሆና ተጋድማለች። ኤልዳና ግንባሯን ሳመቻት። ከዚያ ብርሃኑን ማየት ጀመረች። የግራውን መጋረጃ ዘጋች፤ መስኮቱ ነጭ ሆኖ ብሌኑ ላይ እንዳይወድቅ። የቀኙን በግማሽ ተወችው፤ ልጅቷ የምትያዝበት ቦታ እንዲበራ። ፈርሂያ የት ቆማ፣ በምን ከፍታ እንደምትይዛት አሳየቻት። ከዚያ ጎንበስ ብላ የልጇን ዓይን በሌንሱ ውስጥ ለሙከራ ተመለከተች። ጥቁር ለመሆን ጥቂት የቀረው ቡናማ ነው፤ ሽፋሽፍቱ አይጋርድም፤ ነጩ ንጹሕ ነው። «ጥሩ ዓይን» አለች በልቧ። ወዲያው አፈረች። ሃያ ስድስት ዓመት ስታየው የኖረችውን ዓይን እንደ ገበያ ዕቃ መመዘኗ ነው ያሳፈራት። ግን ዓይኑ በእርግጥ ጥሩ ነበር።

ምጡ አንድ ሰዓት ያህል ወሰደ። ትርንጎ የእናቷን ጥቁር ጓንት ጨብጣ ያዘች፤ በመጨረሻ ኤልዳና እጇን ቀስ ብላ አስለቀቀች፤ ለካሜራው ያስፈልጋታል።

ልጅቷ ስትወለድ ድምፅ አላሰማችም።

«አለች!» አለች ፈርሂያ። «ትተነፍሳለች። እትዬ፣ ቶሎ ይበሉ!»

ኤልዳና በዚያች ሰከንድ ዞር ብትል ኖሮ የልጅ ልጇን ታያት ነበር። ሁለት ክንድ ያህል እንኳ አትርቅም። ፈርሂያም ብላታለች፤ «አንዴ ዞር ብለው አይዩአትም?»

«በኋላ» አለች ኤልዳና፣ ዓይኗን ሌንሱ ላይ እንደተከለች።

በካሜራው ውስጥ የልጇ ዓይን እንደ ሐይቅ ሰፋ። በማክሮ ሲታይ ምስሉ ያለው ዓይኑ ገጽ ላይ ሳይሆን ጥቂት ወደ ኋላ ገባ ብሎ ነው፤ ጀማሪ ይህን ሳያውቅ ገጹን ሲያጠራ ነገሩ ይደበዝዝበታል። ኤልዳና ትንፋሿን ይዛ ካሜራውን በፀጉር ስፋት ወደ ፊት ገፋችው። የፈርሂያ ነጭ ጋውን ታየ። በጋውኑ ላይ ቀይ፣ ጭብጥ የማትሞላ ነገር ታየች። ወዲያው ሁሉም ሟሟ። እንባ ነው። እንባ ሲሞላ ነገር ሁሉ ይቀልጣል፤ ከቀለጠ ምስል ደግሞ ማረጋገጫ ክፍሉ ምንም አያወጣም።

በጥጥ አበሰችላት። «ወደ ነገሩ» አለች። «አትርገብገቢ።»

«አልችልም እማዬ።»

«ትችያለሽ። ወደ ነገሩ።»

«ማየት አልችልም። ሳያት…»

እንደገና ሞላ። እንደገና አበሰች። ከኋላዋ የፈርሂያ ድምፅ መጣ፤ «እትዬ፣ እየደከመች ነው።» ለሦስተኛ ጊዜ አበሰች። የትርንጎ አገጭ ይንቀጠቀጣል፤ ዓይኗ ወደ ልጅቷ ይሄድና ደንግጦ ይመለሳል፤ ሲመለስ ደግሞ ይሞላል። ስሟ የሚጻፈው ወይም የማይጻፈው በዚህች ደቂቃ ውስጥ ነው።

ያን ጊዜ ኤልዳና በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ለአንድ ምስክር እንኳ ብላ የማታውቀውን አለች። ትርንጎ በአራት ዓመቷ ከደረጃ ወድቃ ጉልበቷ ሲሰፋ በጆሮዋ ያለቻትን ነው የደገመችው፤

«አይዞሽ የኔ ልጅ። እኔን እይኝ። እኔን ብቻ እይኝ።»

ትርንጎ ጸጥ አለች። አገጯ ቆመ። እንባው መምጣቱን ተወ፤ ዓይኗ ጠራ፤ እንዲህ የጠራ ዓይን ኤልዳና በሥራ ዘመኗ አላጋጠማትም። አንዲት ቀጭን ክንድ ከነጩ ጋውን ላይ ከፍ ስትል አየች። ጣቶቿ ተራ በተራ ይታያሉ፤ አምስት ናቸው። ፎከሱን እነዚያ ጣቶች ላይ ጣለችው። ጥራታቸውን እንጂ ያሉበትን ቦታ ልብ አላለችም። እስከ አምስት ቆጠረች። ሰባት ጊዜ አነሳች። ሰባቱንም እዚያው ቆማ ላከች፤ መልሶ ማጣራት የነ ኢብሳ ሥራ ነው።

«ሄደች» አለች ፈርሂያ ቀስ ብላ። «አራት ሰዓት ከሃያ አምስት።»

ኤልዳና የሌንሱን መስተዋት በጨርቅ ወለወለች፤ ክዳኑን ገጠመች። ከዚያ ነው የልጇን ራስ ያቀፈችው። የትኛውን እንዳስቀደመች ራሷም አስተውላለች። ሐዘኑ ይመጣል ብላ ጠበቀች። አልመጣም። ውስጧ ሰው የለቀቀው ክፍል ይመስል ባዶና ጸጥ ያለ ነበር። ምናልባት እሱም ወረቀቱን እየጠበቀ ይሆናል ብላ አሰበች።

ፈርሂያ ልጅቷን ጠቅልላ ነጭ የካርቶን ሳጥን ውስጥ አስተኛቻት፤ ሳጥኑን በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ አደረገችው፤ ክዳኑ ላይ የወረቀት ማሸጊያ ለጠፈችበት። ደንቡ ነው። ወረቀቱ ሲመጣ ማሸጊያው ይቀደዳል፤ ቤተሰቡም ልጁን ያያል፣ ይስማል፣ ይወስዳል። ያልታየ ግን አይከፈትም።

«አየሻት አይደል እማዬ?» አለች ትርንጎ።

«አየኋት። ጣቶቿ ደህና ናቸው። እጇን ከፍ አድርጋ ነበር።»

«የቱን እጇን?»

ኤልዳና ለማስታወስ ሞከረች። ያየችው ግራውን ነው፤ እንግዲያ ቀኙ ይሆናል። ወይስ ስታየው መልሳዋለች? «ቀኙን» አለች። ወዲያው ደግሞ፣ «እንጃ» አለች።

ትርንጎ ዓይኗን ጨፈነች። ሚልኪያስ ማታ በባቡር ይገባል፤ ቀብሩ ነገ ይሆናል። ከናሆም ጎን ያለውን ቦታ ስለማስጠረግ ተነጋገሩ፤ ስሟን በድንጋይ ላይ የሚጽፍ ሰው መጋላ ሰፈር ውስጥ እንዳለ ፈርሂያ ነገረቻቸው። «ዘነበች ሚልኪያስ» አለች ትርንጎ ዓይኗን እንደጨፈነች። «አጭር ነው። ትንሽ ድንጋይ ይበቃዋል።»

አምስት ሰዓት ተኩል ሊሆን ሲል ኮሪደሩ ላይ ያለው ማተሚያ አንዴ አጉረመረመ። ፈርሂያ ሮጣ ሄዳ ወረቀቱን እያነበበች ተመለሰች። ማኅተሙን ከሩቅ ስላየችው ፊቷ በርቷል።

«መጣ! እግዜር ይመስገን፣ መጣ! 'የሚከተለው ሰው በሕይወት መኖሩ በትርንጎ ናሆም ብሌን ውስጥ ታይቷል…' ታይቷል ይላል፣ ትርንጎዬ! ታይታለች!»

ትርንጎ ያን ጊዜ አለቀሰች። ማንም ከልካይ ሳይኖርባት፣ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ለኤልዳናም የጠበቀችው ሐዘን መምጣት የጀመረ መሰላት።

«ስም…» አለች ፈርሂያ። እስክሪብቶዋን አውጥታ ነበር፤ የሕፃን ስም ቦታው ክፍት ሆኖ ነው የሚመጣው። ይህኛው ክፍት አልነበረም። ሁለተኛ አነበበችው። ከዚያ ወረቀቱን ለኤልዳና ሰጠቻት፤ ራሷ ድምፅ አውጥታ ልታነበው አልፈለገችም።

ስም፦ ኤልዳና ታምሩ። ሁኔታ፦ ጎንበስ ብላ የቆመች።

ኤልዳና ካሜራውን ከፍታ ሰባቱን ምስሎች አንድ በአንድ አየቻቸው። በትርንጎ ብሌን መሀል፣ የሻሿ ክር እንኳ ሳይቀር ተለይቶ፣ ጥቁር የለበሰች ሴት ካሜራ ይዛ ጎንበስ ብላለች። ዘነበች ከጥቁሩ ውጪ ናት፤ በቡናማው ጠርዝ ላይ፣ እጇን ከፍ አድርጋ። በሥራ ዘመኗ ካነሳቻቸው ሁሉ የጠራው ምስል ይህ ነበር።

«እንዳልሽኝ ነው ያደረግኩት» አለች ትርንጎ። ለቅሶዋን አቁማለች። ድምፅዋ ውስጥ ወቀሳ የለም፤ ነገሩ እየገባት ነው የምትናገረው። «አንቺን ነው ያየሁት። እሷን አላየኋትም።»

«እንደገና ማንሳት…» አለች ኤልዳና ወደ ፈርሂያ። ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም። ሳቢያን ላይ እንደገና የተሸጠችው ላም ትዝ አለቻት።

«ሳጥኑን ልክፈትላችሁ ብል…» ፈርሂያ እጆቿን አፋተገች። «የጓሮው ክፍል ሰዎች አውቀዋል እኮ እትዬ። ወረቀቱ ለነሱም ደርሷቸዋል።»

እውነቷን ነው። ሁለት ሰማያዊ የለበሱ ሰዎች በሩ ላይ ቆመው ነበር። ጨዋዎች ናቸው፤ ኮፍያቸውን አውልቀዋል። አንደኛው የርክክብ ሰሌዳ ዘረጋ፤ የመጣ ወረቀት ሁሉ በተቀባዩ ይፈረምበታል። ኤልዳና ፈረመች። በሕይወት መኖሯን ተረከበች።

«ሳጥኑን እንውሰድ እናቴ?» አለ ሰውየው።

መዞር አሰበች። በእውነት አስባለች፤ አንዴ ዞር ብላ ሳጥኑን እንኳ ልታየው፣ እጇን ልታሳርፍበት። ሰውነቷ ግን የሚያውቀውን አደረገ። ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ወደ አልጋው ሄደች፤ ከልጇ ፊት አንድ ስንዝር በማይሞላ ርቀት ጎንበስ አለች። ካሜራው ክዳኑ እንደተገጠመ እግርጌ ተቀምጧል።

ትርንጎ በእናቷ ትከሻ ላይ አሻግራ ትመለከታለች። ኤልዳና በዓይኗ ውስጥ ነጩን ሳጥን አየችው፤ የምስር ፍሬ ያክላል፤ ሁለት ሰዎች ይዘውት ወደ ግራ ይሄዳሉ። በሩ በስተቀኝ ነው። በዚህ ጊዜ የወደቀው በብሌኑ መሀል፣ በጥቁሩ ውስጥ ነበር።

ኤልዳና ከልማዷ የተነሳ ቆጠረች። እስከ አምስት ድረስ ትርንጎ አልተርገበገበችም።